ለጉማሬ ብዬ ጅማ፦ ከሐሙስ እስከ ሰኞ

ሐሙስ ኅዳር 11፣ ከአየር ጤና እስከ ፈረንጅ አራዳ

ጅማ የሄድኩት ለጉማሬ ነው። የአብሮ አደጌ ልጅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ትማራለች። ዘንድሮ ተመራቂ ናት፤ ለመመረቂያ ሥራዋም ቦዬ ረግረግ ዳር የጉማሬ መመልከቻ ልትነድፍ ተነሥታለች። «ጋሼ፣ እርስዎ ውሃም ያውቃሉ፣ ጉማሬም ያውቃሉ። ንድፌን ሳልዘጋው መጥተው ይዩልኝ» ብላ ስትደውልልኝ እምቢ የምልበት አንደበት አጣሁ።

ውሃው እንጀራዬ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ማጣሪያ ጣቢያ ላይ ሠርቻለሁ። ጉማሬው ደግሞ የልጅነት ጎረቤቴ ነው። ያደግሁት ባሕር ዳር፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ዳር ነው። በቆሎው እሸት ሲይዝ ከአጎቶቼ ጋር ማማ ላይ እያደርን፣ ቆርቆሮ እየደበደብን ማሳ እንጠብቅ ነበር። እቤታችን ምሰሶ ላይ የጉማሬ አለንጋ ተሰቅሏል። ቀን ቀን አለንጋውን እፈራለሁ፣ ማታ ማታ ባለ ቆዳውን። ፍቅሩ የመጣው በኋላ ነው።

አውቶቡሱ ከአየር ጤና የተነሣው ከንጋቱ 12 ሰዓት አልፎ ነው፤ ታሪፉ 950 ብር። ወሊሶ ላይ ቁርስ፣ ወልቂጤ ላይ ሻይ፤ እስከዚያ የሚነገር ነገር የለም። የጊቤን ቁልቁለት ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን አቀበቱን ስንጀምር የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ትርፍ ጎማ ነበር፤ ክሪክ ግን አልነበረም። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በጠራራ ፀሐይ ቆመን የጭነት መኪና አሽከርካሪ አዘነልንና የራሱን አወረደልን። ከቆምንበት ቁልቁል ጊቤ ይታያል፤ በክረምት ከምናውቀው ቀይ ውሃ አሁን ጠርቶ ቀጥኗል። ረዳቱን ጉማሬ ያይ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ቀን ምን ሊያደርግ ይወጣል? እሱ እንደኛ ሞኝ ነው ፀሐይ የሚሞቀው?» አለኝ።

ረዳቱ እውነቱን ነው። የጉማሬ ቆዳ ከውጭ ሲያዩት ወፍራም ነው፤ ግን የላይኛው ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ፀሐይ ላይ ከቆየ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከቆዳው የሚመነጨው ቀላ ያለ ፈሳሽ፣ ሰው ደም ያላበው የሚመስለው፣ ከፀሐይና ከቁስል የሚጠብቀው የራሱ ቅባት ነው። የጉማሬ መኖሪያ እንሥራ የሚል ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ጥላ የት አለ ብሎ ነው። ይህን በደብተሬ ጻፍኩና አቀበቱን ወጣን።

አሰንዳቦን፣ ሰርቦን አልፈን ጅማ የገባነው 10 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ጊዜው የቡና ለቀማ ስለሆነ ከሰርቦ ጀምሮ በየደጁ ቀይ ቡና ተሰጥቷል። ፈረንጅ አራዳ አብሮ አደጌ ቤት ስደርስ ባለቤቱ ጨጨብሳ በጅማ ማር አቀረበችልኝ። አዲስ አበባ ማር የምንለውን ነገር ከዚያ በኋላ በምን ስም እንደምጠራው አላውቅም።

ዓርብ ኅዳር 12፣ ቦዬ፣ የመጀመሪያው ቀን

የሚካኤል ዕለት ነው። ጠዋት በየሰፈሩ ቆሻሻ እየተቃጠለ ኅዳር ይታጠናል፤ ጭሱ ከጉሙ ጋር ተደባልቆ ከተማው ላይ ተኝቷል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቆይተን፣ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ በ500 ብር ደርሶ መልስ ተኮናትረን ቦዬ ወረድን።

ቦዬ ከከተማው ወጣ ብሎ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ነው። ከብት ይግጣል፣ ሳቢሳ ከብቱን ይከተላል፣ ደንገልና ቄጠማ ውሃውን ይከባል። ዳር ዳሩን ሸክላ ጡብ የሚያመርቱ ሰዎች አፈሩን ይቆፍራሉ። የባሕር ዛፍ ተክል ከየአቅጣጫው እየተጠጋ ነው። ልጅቷ ሁሉንም በደብተሯ ላይ ቀለም ቀብታ ለይታዋለች፤ ጡቡ ቀይ፣ ባሕር ዛፉ ግራጫ፣ ሣሩ አረንጓዴ። አረንጓዴው ሲጠብ ማየት ያማል።

ውሃው ዳር ስንደርስ ሰባት ስምንት የሚሆኑ ወጣቶች «ሮቢ! ሮቢ!» እያሉ ድንጋይ ይወረውራሉ። ሮቢ በኦሮምኛ ጉማሬ ነው። ራሱን እንዲያወጣላቸው ነው፤ ፎቶ ሊያነሡ። ከጡብ ሠሪዎቹ አንዱ፣ ሁሉም ሐጂ እያሉ የሚጠሯቸው ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ይዘው መጡና በትነዋቸው ወደኛ ዞሩ።

«እናንተም ድንጋይ ይዛችሁ ነው?»

«የለም ሐጂ፣ ለማየት ብቻ ነው» አለቻቸው ልጅቷ በኦሮምኛ።

«ለማየት የመጣ ይቀመጣል» አሉና ወደ ጡብ ቁልላቸው አመለከቱን።

ተቀመጥን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም አልታየንም። ባለ ባጃጁ ሲሰለቸው ጥሩንባ ነፋ፤ ሐጂ ከሩቅ እጃቸውን ሲያነሡ ተወው። ከመምሸቱ በፊት ሂሳቡ ላይ 150 ብር ጨምሬ ተመለስን።

ማታ ሽሮ በልተን ቡናው ሲፈላ ልጅቷ ንድፏን መሬት ላይ ዘረጋችው። ሥራዋ ያምራል። ትልቅ የኮንክሪት ገንዳ፣ በአንድ ወገኑ ወፍራም መስታወት፤ ተመልካቹ ከውሃው ወለል በታች ወርዶ ጉማሬውን ፊት ለፊት ያየዋል። ከየት እንዳመጣችው አውቄያለሁ፤ እኔም አይቼዋለሁና።

በርሊን በተማርኩበት ዘመን የከተማው መካነ እንስሳት የጉማሬ ቤት ገና አዲስ ነበር፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ጣራው የመስታወት ጉልላት ነው። በክረምት ውጭው በረዶ ሆኖ ውስጡ ወበቅ ነው። ብርዱም ናፍቆቱም ሲበረታብኝ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እገባ ነበር። አንዲት ጉማሬ ወለሉን በጣቶቿ ጫፍ እየነካች፣ ያን ሁሉ ክብደት ውሃው ተሸክሞላት፣ ከመስታወቱ ወዲያ አጠገቤ ስታልፍ ያየሁ ዕለት ቆሜ አለቀስኩ። ጉማሬ እንደማይዋኝ፣ ከውሃው ሥር እንደሚራመድ ያኔ ነው የገባኝ። ባሕር ዳር ከዕድሜዬ ጋር እኩል ያየሁት ጆሮና አፍንጫ ብቻ ነበር። ስለዚህ መስታወቱን አልንቀውም።

ግን መስታወቱ የሚያሳየው ውሃው ሲጠራ ነው፤ ይሄ ደግሞ የኔ ሙያ ነው። አንድ ትልቅ ጉማሬ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ የሚደርስ ሣር ይበላል። ከፋንድያው ብዙ ተመልሶ ውሃ ውስጥ ይጥላል፤ ወንዱ ጭራውን እያወናጨፈ ይበትነዋል። ስለዚህ በዓለም ላይ ጥሩ የተባለው የመስታወት ገንዳ ሁሉ ከጀርባው አንድ አነስተኛ ማጣሪያ ጣቢያ አለው። አሜሪካ ውስጥ ቶሊዶ የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1986 ጉማሬን ከውሃ በታች በተጣራ ውሃ ለማሳየት ቀዳሚ ሆነች። ሌላዋ የአሜሪካ ከተማ ሲንሲናቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የከፈተችው ገንዳ ወደ 265 ሺህ ሊትር ይይዛል። ፓምፑ፣ አሸዋው፣ መብራቱ ለአንድ ቀን ቢቋረጥ ተመልካቹ የሚያየው ቡናማ ግድግዳ ነው።

«ሲንሲናቲ ገንዳው ውስጥ ከጉማሬዎቹ ጋር የሚኖረው ዓሣ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «ቆሮሶ ነው። የጣናው ቆሮሶ። ጉማሬው የጣለውን እየለቀመ ያጸዳል።»

አባቷ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ጻፈችው። ቀጥላ የጠየቀችኝ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሣኝ። «ታዲያ ቦዬ ላይ ውሃው ካልጠራ፣ የኔ ጥሩ መመልከቻ በምን ጥሩ ይሆናል?»

ቅዳሜ ኅዳር 13፣ ቦዬ ንጋት ላይ፣ ከሰዓት ጅሬን

11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጉሙ ከመሬት አልተነሣም። ሐጂ ከኛ ቀድመው እሳት አንድደዋል። ምንም ሳይሉ ዱላቸውን ይዘው ቀደሙን፤ ከቄጠማው ዳር አንድ ቦታ ላይ ቆሙና መሬቱን አሳዩን።

መንገድ ነው። ጋሪ ያለፈበት የሚመስል ሁለት ጎድጓዳ መስመር፣ መሐሉ ላይ ሣር የበቀለበት ከፍታ። ጉማሬ ሆዱ ሰፊ፣ እግሩ አጭርና የተራራቀ ስለሆነ የግራውና የቀኙ እግር የየራሱን ቦይ ይቆፍራል። ጎንበስ ብዬ አንዱን ዱካ በመዳፌ ለካሁት፤ አራት ጣት፣ ጭቃው ገና ውሃ እየቋጠረ። ከሌሊቱ ያለፈ ነው። አጠገቡ ያለ ቁጥቋጦ ላይ ፋንድያው እስከ ወገቤ ድረስ ተረጭቷል። ሽታው ልጅነቴን መለሰልኝ፤ የረጠበ ገለባና የኩሬ ሽታ።

«ይሄን መንገድ አባቴም ያውቁት ነበር» አሉ ሐጂ። «ያኔ እስከዚያ ማዶ ሣር ነበር። አሁን ባሕር ዛፉ መሐል ገብቶ ዞሮ ነው የሚሄደው። ሲዞር የሰው በቆሎ ያገኛል። ከዚያ ጉማሬ አጠፋ ይባላል።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ለትናንቱ ጥያቄዋ መልስ ያገኘች ይመስለኛል፤ እኔም አግኝቻለሁ። ስንቱን መካነ እንስሳት ስመለከት ገንዳውን ነበር የማየው። ጉማሬ ግን ሕይወቱ ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ ሣር ነው፤ ቀን ይተኛል፣ ማታ ወጥቶ ይግጣል። ብዙ ቦታ ቀን ለተመልካች ገንዳ ይሰጡትና ማታ ጠባብ ሲሚንቶ ቤት ውስጥ ይዘጉበታል። ተመልካቹ ሲሄድ፣ በሩ ሲቆለፍ፣ መብራቱ ሲጠፋ ጉማሬው የት ነው? የጉማሬ መኖሪያ ጥሩ መሆኑን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ይህን ይጠይቅ። እግሩ የሚያርፍበት ለስላሳ መሬት አለው? ወደ ውሃው የሚገባበት ዳር ቀስ እያለ የሚያዘቀዝቅ ነው ወይስ ደረጃ ያለው ግድግዳ? ግልገል ያላት እናት ከወንዱ የምትሸሽበት ሌላ ውሃ አላት? ለንደን እ.ኤ.አ. በ1850 ከነጭ ዓባይ የመጣ አንድ ግልገል ጉማሬ ለማየት በቀን እስከ 10 ሺህ ሰው ይጎርፍ ነበር። የሕዝቡ ብዛት ስለ ጉማሬው ኑሮ አንዳች አይነግረንም።

ይህን ስናወራ ሐጂ እጃቸውን አነሡ። ዝም አልን።

ከደንገሉ ፊት ለፊት፣ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ውሃው አበጠና ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ትንፋሹ ነው የመጣው፤ ከበሮ ላይ እርጥብ ጨርቅ እንደመምታት ያለ ድምፅ። ቀጥሎ ሁለት አፍንጫ፣ ሁለት ዓይን፣ ሁለት ጆሮ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ከውሃው ልክ። ጆሮዎቹ ቶሎ ቶሎ ተሽከረከሩና ውሃውን አራገፉ፤ ጠብታው ጉሙ ውስጥ ሲበተን አየሁት። የጆሮው ውስጥ ቀይ ዳማ ነው፣ ዳሩ ላይ አጫጭር ጠጉር አለው። ያየን አይመስለኝም፤ ነፋሱ ወደኛ ነበር። አፍንጫውን እንደ ከረጢት አፍ ጠቅሞ ገጠመና ሰጠመ። ሰዓቴን ያዝኩ፤ ብዙ ጊዜ እስከ 5 ደቂቃ ድረስ ይቆያል። በአራተኛው ደቂቃ ወጣ፤ ከጎኑ ሌላ፣ ከዚያ ሦስተኛ ትንሽ ራስ የእናቱ ጀርባ ላይ አገጩን አሳርፎ። ልጅቷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ወደ ውሃው አንድ እርምጃ ስትራመድ ሐጂ ክንዷን ያዙ። ጉማሬና ውሃው መሐል የገባ ሰው፣ በተለይ ግልገል ካለ፣ አይተርፍም፤ በየብስም ሲሮጥ ሰው አያመልጠውም።

ከዚያ ስንመለስ ስልኬ ከኪሴ ወጥቶ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። ፎቶዎቹ ሁሉ እዚያው ቀሩ፤ መርካቶ ያሳየሁት ጠጋኝም ተስፋ አልሰጠኝም። ጆሮው ሲሽከረከር ያየሁት ግን አብሮኝ አለ።

ከሰዓት በኋላ ጅሬን ወጣን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤት ነው። እንጨቱ፣ ቅርጹ፣ ሰፊው ሰገነቱ፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት ጀምራ ስንቴ እንደመጣች ታውቀዋለች። ዛሬ ግን ሰገነቱ ላይ ቆማ ቁልቁል ሜዳውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። እዚህ የቆመ ሰው በጥላ ውስጥ ሆኖ ውጭውን በብርሃን ያያል፤ ከታች ያለው እሱን በቀላሉ አያየውም።

«የኛም ማማ እንዲሁ ነበር» አልኳት። በቆሎ የምንጠብቅበት ማማ አራት ቋሚ እንጨት፣ ከላይ ሣር፣ በሦስት ወገን የተከለለ ነው። ጉማሬው ከሥራችን አልፎ ይሄዳል፤ ቆርቆሮውን እስክንመታ ድረስ መኖራችንን አያውቅም። መሬት ላይ ያለው እሱ፣ ተከልሎ የተቀመጠው እኛ።

ወደ ከተማ ስንወርድ ሂርማታ ገበያ ገብቼ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ገዛሁ። 1,400 ተባልኩ፣ 1,100 ከፈልኩ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ አዲስ አበባ በዚህ ዋጋ የሚሸጡልን ተጣብቆ የተሠራውን ነው። ጥሬ ቡናም ሁለት ኪሎ ያዝኩ፣ ኪሎው 750 ብር። ገበያው ዳር ስፕሪስ ጠጣን፤ አቮካዶው ማንኪያ ያቆማል።

እሑድ ኅዳር 14፣ ቅበላ

ነገ ጾም ስለሚገባ ቤቱ ከሌሊቱ ጀምሮ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። እኛ ግን ሳይነጋ፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ቦዬ ወረድን። ያው ባለ ባጃጅ ነው፤ ዓርብ ጥሩንባ የነፋው። ዛሬ 600 ጠየቀን፣ ለሌሊት ነው አለ፤ ተገቢ ነው።

ጡብ ማቃጠያዎቹን አልፈን ከባሕር ዛፉ ጥግ ልንታጠፍ ስንል ልጁ በድንገት ፍሬን ያዘ። ሞተሩን አጠፋ። መብራቱንም አጠፋ። ማንም አልነገረውም።

መንገዱ ላይ ከኛ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ርቆ አንድ ጥቁር ነገር ቆሟል። መጀመሪያ የተጫነ ጋሪ መሰለኝ። ከዚያ ራሱ ዞረ። ትንፋሹ በጉሙ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ሣር ሲያላምጥ ይሰማል፣ ክሽ፣ ክሽ፣ ክሽ። በልቶ መግባቱ ነው፤ ንጋቱ ቀድሞበታል። እኛ ሦስታችን በዚያች ሸራ ለበስ ባጃጅ ውስጥ ትንፋሻችንን ውጠን ተጣበቅን። የሸራው ጠርዝ ላይ የጨበጥኩት ብረት እስካሁን መዳፌ ላይ ያለ ይመስለኛል። ምን ያህል እንደቆመ አላውቅም። በኋላ በሁለት የባሕር ዛፍ ረድፍ መሐል በቀረች ክፍተት፣ ጎኑ ግንዶቹን እየፈተገ፣ ወደ ውሃው ወረደ። ቅርፊቱ ሲላጥ ሰማነው።

ባለ ባጃጁ ሙሉ በሙሉ እስኪነጋ ሞተሩን አላስነሣም። ሲነጋ ልጅቷ ሜትሯን ይዛ ወረደች፤ ያቺን ክፍተት ለካች። 1 ሜትር ከ35። ግንዱ ላይ በሁለቱም ወገን ጭቃ ተለጥፏል፤ ከመሬት እስከዚያ ጭቃ ያለውንም ለካች። እስክሪብቶ እንጂ ወረቀት አልያዘችም ነበርና በግራ መዳፏ ላይ ጻፈችው።

ምሳ ዶሮ ነበር፣ ከዶሮውም በኋላ ክትፎ፣ ከክትፎውም በኋላ ቡና በጤና አዳም። አብሮ አደጌ «ልጄን ምን አደረግሃት? እጇን አልታጠብም ትላለች» አለኝ።

ሰኞ ኅዳር 15፣ ወደ አዲስ አበባ

በ12 ሰዓት መነኻሪያ ነበርኩ። በርጩማው እንደ ዕቃ ተቆጥሮ 100 ብር ተጨማሪ አስከፈለኝ። በመልሱ መንገድ ምንም አልተበላሸም።

በሳምንቱ፣ አዲስ ስልክ ከገዛሁ በኋላ፣ አዲሱ ንድፍ ደረሰኝ። የኮንክሪት ገንዳው የለም፣ መስታወቱም የለም። ከደንገሉ በዚህ ወገን፣ ነፋሱ ከውሃው ወደ ተመልካቹ በሚመጣበት ቦታ፣ ሰገነት ያለው የእንጨት ማማ ቆሟል፤ የሚከለለው ተመልካቹ ነው፣ መግቢያውም ከኋላ በተሸፈነ መተላለፊያ ነው። ወንበሮቹ ባለ ሦስት እግር ናቸው። ባሕር ዛፉ መሐል ለመሐል ከውሃው እስከ ማዶው ግጦሽ ድረስ አረንጓዴ መስመር ተሰምሯል፤ ስፋቱ 6 ሜትር ይላል። ከመስመሩ ጎን በትንሹ «ሐጂ እንዳሉት» ብላ ጽፋለች።

መልሼ ደወልኩላትና የጡብ መቆፈሪያው ጎርፍ ወደ ውሃው እንዳይገባ ቦዩን የት እንደምታዞረው ጠየቅኋት። ቁጭ ብለን አንድ ሰዓት ተኩል ስለ ቦይ አወራን።